ዘጠና ቀን የጾመ ባል

ወንድ ልጅ በድንገት መንፈሳዊ ሲሆን አትመኑት! በተለይ ባል ከሆነ… በተለይ ደግሞ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሁዳዴን እንኳ እያጉረመረመ የሚጾም፣ ቅዳሴ ሲባል ጉልበቱን የሚያመው ባል ከሆነ፣ በደንብ ጠርጥሩት። አንድ የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው። ይህን የምላችሁ ሰው ለማማት አይደለም፤ ራሴን ስለማውቅ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ እዚሁ ቀበና፣ ሙሌ ፀጉር ቤት ነው። ሙሌ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፀጉሬን ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። አሁን ፀጉሬ ወደ ማለቁ ስለሆነ ዳር ዳሩን ያስተካክልልኛል፤ ሒሳቡን ግን አልቀነሰም። እጁ ወርቅ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት… ምላጭ ይዞ ስለ ኳስ ያወራል።

ያን ቅዳሜ ዝናቡ ያባረረው ሁሉ ሙሌ ቤት ገብቶ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ከእኔ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረው ቢጫ ጃኬት የለበሰ፣ ክስት ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያስል ሰውዬ ነው። እሱ ተነሣ፣ እኔ ተቀመጥኩ። የፀጉር ቤት ደንበኞች የሆናችሁ እንደምታውቁት አንዷ ምላጭ ከነወረቀቷ ለሁለት ትሰበራለች። ግማሿ ለአንዱ፣ ግማሿ ለቀጣዩ። የተሠራባት ግማሽ ትጣላለች፤ ያልተነካችው ወረቀቷ ውስጥ ሆና ተራዋን ትጠብቃለች። ሙሌ ለእኔ የሰካት የትኛዋ ግማሽ እንደሆነች ማየት ነበረብኝ አይደል? እኔ ግን ስልኬን እየጎረጎርኩ ነበር!

«አዋረዱን እኮ ጋሽ ጌታቸው! በገዛ ሜዳቸው!» አለና ሙሌ እጁን ሲያወናጭፍ፣ ማጅራቴ ላይ ቅዝቃዜ የመሰለ ነገር ተሰማኝ። በእጄ ነካሁት። ደም!

«ሙሌ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ምንም አይደል፣ ትንሽ ጫር አድርጋህ ነው።»

«የትኛዋ ናት የጫረችኝ? አዲሷ ግማሽ ናት ያቺኛዋ?»

«አዲሷ ናት…» አለና ወረቀቷን አገላብጦ አየ። «ይመስለኛል።»

ይመስለኛል! እናንተዬ፣ ይህችን ቃል ከተበዳሪ ዘመድም ቀጠሮ ከሚያፈርስ ወዳጅም ሰምቻት አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አስፈርታኝ አታውቅም። ሙሌ ጥጥ አልኮል ነክሮ ለጠፈብኝና ወደ ኳሱ ተመለሰ።

የእኔን ዘመን ሰው መቼም ታውቁታላችሁ። እኛ በየግድግዳው የራስ ቅል ተስሎብን፣ ሬዲዮኑ በጠዋት እያስፈራራን፣ በየሳምንቱ አንድ ጎረምሳ እየቀበርን ነው ያደግነው። የየግል ምላጫችንን በደረት ኪሳችን ይዘን ፀጉር ቤት የምንሄድ ትውልድ ነበርን። በኋላ መድኃኒቱ መጣ፤ ሰዉ ዕድሜውን መኖር ጀመረ፤ ልጆቻችንማ ጭራሽ የኤድስን ስሙንም ረሱት። እኛ ግን ፍርሃቱ አጥንታችን ውስጥ ቀርቷል። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ከሙሌ ቤት እስከ ደጄ ስሄድ የራሴን ቀብር እያየሁ ነው የሄድኩት፤ ዝናብ ስለነበር ሰውም ብዙ አልመጣም።

ቤት ገብቼ ስልኬን ከፍቼ ምልክቶቹን ማንበብ ያዝኩ። ድካም… ከተወለድኩ ጀምሮ አለኝ። የምግብ ፍላጎት ማጣት… ይህን ካነበብኩ ወዲህ በሚገባ! የአንገት እጢ… አንገቴን ስደባብስ ሁለት አገኘሁ። አንደኛው ማንቁርቴ መሆኑን የተረዳሁት በማግስቱ ነው።

«ታዲያ ለሚስትህ አትነግራትም?» ትሉኝ ይሆናል። ሐረገወይንን ስለማታውቋት ነው! ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር አብሬያት የኖርኩ፣ ደግ፣ ግን ዓይኗ ሰው ሆድ ውስጥ የሚገባ ሴት ናት። ደግሞ ችግሩ ከእሷ ሳይሆን ከምላጯ ነው። በዚያ በክፉው ዘመን ሲማግጥ የኖረ ባል ሁሉ ሲነቃበት የሚናገራት አንዲት ማመካኛ ነበረች… «ምላጭ ነው!» የሐረግ አክስት ባል እንዲሁ «ፀጉር ቤት ምላጭ ቆርጦኝ ነው» ብለው ሽማግሌ ፊት ማሉ። ምላጯ በኋላ ላምበረት ቤት ተከራይቶላት፣ ሁለት ልጅ ወልዳላቸው ተገኘች። እንግዲህ እኔ አሁን በየትኛው አፌ ነው ለዚያች አክስት የእህት ልጅ «ምላጭ ነው» የምላት? እውነቱ እኮ ከውሸቱ ብሶ ውሸት መሰለ!

ሰኞ ጠዋት ከሰፈር ርቄ ላምበረት አካባቢ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ መንገደኛ ስለሚበዛ ሰው ሰውን አያውቅም ብዬ ነው። ሲስተር ሜሮን የምትባል፣ ልጄን የምታህል ነርስ ተቀበለችኝ።

«ምን ገጠመዎት ጋሼ?»

«ምላጭ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ፤ ሽማግሌዎቹ የሐረግን አክስት ባል ያዩበት አስተያየት ነው።

«እውነተኛ ምላጭ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

መረመረችኝ። ነፃ ነኝ። ልስማት ስነሣ «ቆይ ጋሼ» አለችኝ። «ይሄ የሚነግረን የቆየውን ነው። የቅዳሜው እንዲታይ ጊዜ ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ግን በእንዲህ ያለች ጭረት የመያዝ ዕድሉ በጣም በጣም ትንሽ ነው። መድኃኒትም አያስፈልግዎትም። ይርሱት።»

«ሰውዬው እኮ ያስል ነበር!»

«በሐምሌ ማን የማያስል አለ?»

«ከሲታም ነበር።»

«ጋሼ!» አለች እስክሪብቶዋን አስቀምጣ። «ስንቱ ነው ከሲታ! እዚህ ቫይረሱ ኖሮባቸው መድኃኒታቸውን የሚወስዱ ሰዎች አሉ፣ ከእርስዎ በላይ ያማረባቸው፣ ወልደው ልጃቸውን የሚስሙ። እርስዎ እኮ የታመሙት ፍርሃት ነው።»

«ቢሆንም…» አልኩ።

ተንፍሳ የጤና ጣቢያው ስም ያለበት ትንሽ ካርድ ላይ «ጥቅምት 21» ብላ ጻፈችልኝ። «በሉ ሦስት ወር ሲሞላዎት ይምጡና ይረፉ። እስከዚያ ካልረጋጉ ከባለቤትዎ ጋር ኮንዶም ይጠቀሙ።»

ኮንዶም! ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ! አንድ ቀን ማታ ብድግ ብዬ «ሐረግዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው» ብላት የሚሆነውን እስቲ አስቡት። ያቺን ሌሊት ቀበና ድልድይ ሥር ነበር የማድረው።

በዚህ ጭንቀት ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። ከሾፌሩ ራስ በላይ የተለጠፈውን የቀን መቁጠሪያ ሳይ በቀይ የተጻፈች መስመር ዓይኔ ውስጥ ገባች። ነሐሴ 1… ጾመ ፍልሰታ ይገባል።

«ወራጅ!» ብዬ ጮህኩ፤ መውረጃዬ አልነበረም፣ ደስታ ነው ያስጮኸኝ። በጾም ባልና ሚስት አልጋ ይለያሉ! ማን ይጠይቃል? ማን ይጠረጥራል? እንዲያውም እኮ ያስመሰግናል!

እስከ ነሐሴ አንድ ያሉትን ቀናት ወገቤን አሳመምኩ። ከዚያ ፍልሰታ ገባና ታሪኬ ተለወጠ። ትራሴን ይዤ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጃችን ክፍል ገባሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ በየማለዳው እንጦጦን ሽቅብ መውጣት ጀመርኩ፣ በባሕር ዛፉ መሐል፣ እያለከለክሁ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ሐረግ በደስታ የምትሆነውን አጣች። «ሃያ ሁለት ዓመት የጸለይኩት ነው!» ትላለች በስልክ ለእህቷ። ሰፈርተኛው ባርኔጣውን እያነሣ ሰላም ይለኝ ጀመር። አንዲት ባልቴትማ «ልጄ፣ በጸሎትህ አስበኝ» ብለው እጄን ሊስሙ ሲሉ ያመለጥኩት በሩጫ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰው ቀን ሙሉ ጾሞ፣ ጠዋት ጠዋት እንጦጦን ከወጣ ምን ይሆናል? ይከሳል! ሱሪዬ ሰፋ፣ ቀበቶዬ ሌላ ቀዳዳ ጠየቀ። ስልኬ ላይ ደግሞ ምን ይላል? ክብደት መቀነስ! በፍርሃት ምክንያት ጾምኩ፣ በጾሙ ምክንያት ከሳሁ፣ በመክሳቴ ምክንያት ፈራሁ፣ በፍርሃቴ ምክንያት ጾሙን አጠበቅሁ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ መስተዋት ውስጥ ያየሁት ሰውዬ ቢጫ ጃኬት ብቻ ነው የጎደለው።

ትልቁ ጣጣ ግን ሒሳቡ ነው። ፍልሰታ ዐሥራ አምስት ቀን ናት፤ የእኔ ጾም ዘጠና! ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ሆነና ጾሙ ተፈታ። ሐረግ ዶሮዋን ሠርታ፣ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ጠበቀችኝ። ዓይኗን እንዳላይ ወጡን ወጡን እያየሁ በላሁ። ስጨርስ ትራሴን አነሣሁ።

«ጌትዬ፣ ወዴት ነው? ጾሙ ተፈታ እኮ።»

«ለእናንተ ነው የተፈታው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ስእለት አለብኝ።»

«የምን ስእለት?»

«የ… የአገር ሰላም።»

ለአገር ሰላም የተሳለን ሰው ምን ትለዋለች! እኔ ግን በሩን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ ያ ቀሚስ ዓይኔ ላይ ቀረ። አለቀስኩ ብላችሁስ? አለቀስኩ።

ጳጉሜን በፈቃድ ጾምኳት። መስከረም ግን ወገኖቼ… መስከረም ጨካኝ ወር ነው! ከዕንቁጣጣሽ እስከ ጽጌ ጾም መግቢያ ሃያ አምስት ቀን ምንም መጠጊያ የለም። በዓል በበዓል ላይ! አበባው፣ ጨዋታው፣ ደመራው… አገር ሁሉ ሲፈነጥዝ እኔ አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ ወገብ፣ አንዴ ደግሞ «ሕልም አየሁ» እያልኩ ወሩን በጥርሴ ጎተትኩት። መስከረም ሃያ ስድስት የጽጌ ጾም ሲገባ እንደኔ የተደሰተ ምእመን ያለ አይመስለኝም።

ግን በዚሁ መሐል አንድ ነገር ሆነ። ሐረግ መጠየቅ አቆመች። ያገባችሁ ይህን ትረዱኛላችሁ፤ ሚስት ስትጠይቅ ቤቱ ሰላም ነው። ዓይኗ አብጦ ባየሁት ጊዜ «ምነው?» ብላት «ሽንኩርት ነው» አለችኝ። በቤቱ ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም። በስልክ ለእህቷ «ምን አውቄ! ወይ ሌላ አለችው፣ ወይ ሊመንን ነው፣ ወይ ደግሞ…» ስትል ሰማኋትና በሩ ኋላ ደርቄ ቀረሁ። ሦስተኛውን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለተናገረችው አልሰማሁትም።

ቀጠሮዬ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከእንጦጦ ወርደው የንስሐ አባታችን መምሬ ዘውዴ ከተፍ አሉ። ያስጠራቻቸው እሷ ናት። ሻይ አቀረበችላቸውና ወጥ ቤት ገባች። የወጥ ቤቱ በር ግን አልተዘጋም።

«ጌታቸው ልጄ፣ መጾምህን ሰማሁ» አሉ ስኳሩን እያማሰሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን አባ።»

«እኔ ግን አላዘዝኩህም።»

«በፈቃዴ ነው አባ።»

«በአልጋ ነገር የአንተ ፈቃድ ግማሽ ነው። ግማሹ የእሷ ነው። ሳትስማማ አልጋ ለይተህ ብትጾም ጾም አይባልም፣ ኩርፊያ ነው። እኔም ባለትዳር ቄስ ነኝ፤ ይህን አታስተምረኝም። ምን ሆነሃል?»

አጠገባቸው ተጠግቼ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሙሌን፣ ግማሿን ምላጭ፣ ቢጫውን ጃኬት፣ ካርዱን። መምሬ እያዳመጡ ቆዩና ግራ በተጋባ ፊት አዩኝ።

«ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው?»

«ኃጢአትማ የለውም አባ።»

«ታዲያ ለምን አትነግራትም? እኛ እኮ ሙሽሮችን እንኳ ሳይመረመሩ አናጋባም። ምን ያሳፍራል?»

«ሌላ ነገር ታስባለች ብዬ።»

«አሁንስ ምን የምታስብ መሰለህ? ለጵጵስና መታጨትህን?» አሉና ወደ ወጥ ቤቱ ዞሩ። «ሐረገወይን! ነይ ልጄ፣ ባልሽ የሚነግርሽ ነገር አለው።»

ለመምጣት ጊዜ አልፈጀባትም። ፊቷን በሽርጧ እየጠረገች ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ሐረግዬ… ምላጭ ነው።»

«ምላጭ?»

«ምላጭ።»

ሐረግ እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ስሟ ማን ይባላል?»

«ሙሉጌታ ይባላል» አሉ መምሬ ከሻያቸው ቀና ሳይሉ። «ፀጉር አስተካካይ ነው።»

ስቄ ልሞት ነበር፤ ግን ሐረግ አልሳቀችም። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተመለሰች፤ ሙሌን አፋጥጣው ነው።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«አዲሷ ናት፣ ይመስለኛል ነው የሚለው። ደግሞ አራት ጊዜ እየተመላለስክ ያንኑ ስትጠይቀው አብደሃል ብሎ ፈርቶልሃል።» ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። አላመነችኝም፣ አልካደችኝም። «ቀጠሮህ ቀን አብሬህ እሄዳለሁ» ብቻ አለች። መምሬም የጽጌን ጾም እንድተዋት፣ ሥጋ ባይኖር እንኳ እንቁላል ቢጤ እንድቀምስ አዝዘውኝ ወጡ፤ አጥንቴን አይተው ነው።

ጥቅምት ሃያ አንድ ደረሰ። ሁለታችንም ሳንነጋገር ላምበረት ወረድን። የጤና ጣቢያው ኮሪደር ውስጥ ሲስተር ሜሮን ገና ከሩቅ አይታን ፈገግ አለች።

«እንደምን ከረሙ እትዬ ሐረገወይን?»

እኔ ለሰላምታ የዘረጋሁት እጅ አየር ላይ ቀረ። እትዬ ሐረገወይን? እሷን ከየት ታውቃታለች? ደሜን ቀድታ «ሃያ ደቂቃ ይጠብቁ» ብላ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳስቀመጠችን ዞር አልኩ።

«አንቺ… እዚህ መጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«መስከረም ላይ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ኮትህን ላጥብ ስል ካርዱን ኪስህ ውስጥ አገኘሁት። የምን ቀጠሮ እንደሆነ ልጠይቅ መጣሁ። ልጅቷ ስለ አንተ አንድ ቃል አልተነፍስም አለች። በምትሠራበት ክፍል በር ላይ የተጻፈውን አነበብኩና ገባኝ።»

«እና?»

«እና ምን! ተመረመርኩ። ብቻዬን። እዚህችው ወንበር ላይ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ።»

«ነፃ ሆንሽ?»

«ሆንኩ። ግን ያኔ ደግሞ አንተን ማሰብ ጀመርኩ። ከሳህ፣ ክፍል ለየህ… ታሞ እኔን እንዳይነካኝ ነው የሚሸሸኝ አልኩ። ሦስት ቀን አለቀስኩ።» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ሌላ ሴት ኖራውም ከሆነ ትኑረው አልኩ፣ ምን ቸገረኝ! መድኃኒት እያለ ዝም ብሎ አፍሮ ይሞትብኛል ብዬ ነው የፈራሁት። መምሬንም የጠራኋቸው ለእኔ ካልተናገርክ ለእሳቸው ትናገር ይሆናል ብዬ ነው።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም ታዲያ?»

«ለአገር ሰላም የሚጾም ሰው እንዴት ይረበሻል!»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ ያዘኝ። አያችሁ፣ እኔ ዘጠና ቀን ሙሉ የፈራሁት ቀብሬንና ጥርጣሬዋን ነበር። እሷን ከጭንቀት አዳንኩ ብዬ ነው የደበቅኋት፤ ለካ እኔ እንጦጦን ስወጣና ስወርድ የሚያደንቀኝ ሰፈር ነበረኝ፣ እሷ ግን እዚህ ኮሪደር ውስጥ ማንም አጠገቧ አልነበረም። አፈርኩ። እዚያው ሰው ፊት እጇን ይዤ ሳምኩት፤ «ይቅር በዪኝ» አልኳት። «ቤት ስንገባ አስብበታለሁ» አለችኝ፣ እጇን ግን አልነጠቀችኝም።

ሲስተር ሜሮን ወረቀቷን ይዛ ብቅ አለች። የተናገረችው ሁሉ አልተሰማኝም። «ነፃ ነዎት… ይብሉ ጋሼ፣ እባክዎ ይብሉ!» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማሁት። በመጨረሻም ሳምኳት። ሐረግም ሳመቻት።

ደጅ ስንወጣ የጥቅምት ፀሐይ ሞቅ ብላለች። ሐረግ ነጠላዋን አስተካክላ ፈገግ ስትል፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያገባኋት ልጅ መሰለችኝ። በታክሲ ሰልፍ የሚጠፋ ደቂቃ አልነበረኝም። ኮንትራት ጠራሁ። ሾፌሩ የጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ስገባ ሐረግ ደነገጠች።

«ከላምበረት ቀበና ኮንትራት! ምን ያስቸኩልሃል?»

«ዘጠና ቀን ሙሉ ቆይቼ ምን ያስቸኩልሃል ትይኛለሽ? ሾፌር፣ ንዳው የኔ ጌታ!»

ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶን እየሳቀ ነዳጅ ሰጠ። ሐረግ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች፤ ትንፋሿ ሞቀኝ።

«ጌትዬ…»

«ወዬ የኔ ዓለም!»

«ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።»